ሪኤጀንት ባለቀበት ሌሊት፦ የትሮፖኒንን ዱካ ስለሚይዝ ፕላስቲክ

ይህ ጽሑፍ ሀዋሳ ላይ ለጤና ባለሙያዎች፣ ለተማሪዎችና ለከተማው ነዋሪዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። ከቀረጻው ስገለብጠው ድግግሞሹን ብቻ ቀንሻለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ሐይቁን ትታችሁ ኬሚስትሪ ልትሰሙ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። በአጎቴ ታሪክ ልጀምር።

አጎቴ የአይሱዙ ሹፌር ነበር። ከሀዋሳ ሞጆ፣ ከሞጆ አዳማ ይጭናል። አንድ ማታ ሲመለስ፣ ሻሸመኔን እንዳለፈ ደረቱን ያቃጥለው ጀመር። «ጨጓራዬ ተነሳ» አለ። ምሳ ላይ ጥብስ በሚጥሚጣ በልቷል። ቤት ሲደርስ አክስቴ ተልባ በጥብጣ ሰጠችው። ጠጣው። ማቃጠሉ ግን አልተወውም። ቆይቶ ላብ አጠመቀው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ በባጃጅ ይዘነው ወጣን።

ተረኛው ሐኪም ልጅ እግር ነው፤ ግን ጠንቃቃ። የልብን ኤሌክትሪክ ወረቀት ላይ የሚያሳየውን ኢሲጂ አነሳው። ወረቀቱ ላይ ቁርጥ ያለ ነገር የለም። «ትሮፖኒን ቢሠራለት ጥሩ ነበር» አለን። ቀጥሎ አቀረቀረ። «ግን ሪኤጀንት አልቋል።» ምርመራው የሚሠራበት ኬሚካል ማለቱ ነው።

አሁን ራሳችሁን ስትነቀንቁ አያለሁ። እዚህ ያላችሁ ነርሶችና የላብራቶሪ ባለሙያዎች ይህችን ቃል ከእኔ በላይ ታውቋታላችሁ። የበሽተኛውን ዓይን እያያችሁ የምትናገሯት እናንተ ናችሁ።

አጎቴ ተርፏል። ትሮፖኒኑ የተለካው ግን በ3ኛው ቀን፣ ሌላ ከተማ ሄዶ ነው። ከፍ ብሎ ተገኘ። ጨጓራ አልነበረም፤ ሃርት አታክ ነበር። ያን ሌሊት የሞተው የልብ ጡንቻ ተመልሶ አልዳነም። ዛሬ አጎቴ ደረጃ ሲወጣ መሐል ላይ ቆሞ ያርፋል። አይሱዙዋን ሸጧል። ይህን እንዳወራ ራሱ ፈቅዶልኛል። «ሰው ይማርበት» ነው ያለኝ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ኬሚስት ነኝ፤ ሥራዬ ከኤሌክትሮድ ጋር ነው፤ ፈሳሽ ውስጥ ተነክሮ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ቁራጭ ማለት ነው። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ግን አንድ ጥያቄ ይዞኛል። ፍሪጅ የማይፈልግ፣ ከባሕር ማዶ እስኪመጣ የማንጠብቀው፣ ይልቁንም እሱ መደርደሪያ ላይ ሆኖ በሽተኛውን የሚጠብቅ የልብ ምርመራ መሥራት ይቻላል ወይ?

መጀመሪያ ትሮፖኒንን እንተዋወቀው። የልብ ጡንቻ የሚኮማተረው ካልሲየም ሲያዘው ነው። ትእዛዙን ተቀብሎ ለጡንቻው የሚያደርሰው የፕሮቲኖች ቡድን ትሮፖኒን ይባላል። ጃፓናዊው ሴትሱሮ ኢባሺ ነው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያገኘው። አባላቱ ሦስት ናቸው፤ ሲ፣ አይ እና ቲ። ሲ ካልሲየሙን ይይዛል። አይ ጡንቻው ያለ ትእዛዝ እንዳይኮማተር ይከለክላል። ቲ ሁሉንም ከጡንቻው ክር ጋር ያስራል። የልብ አይና ቲ የእጅና የእግር ጡንቻ ውስጥ ካሉት አቻዎቻቸው ይለያሉ። ስለዚህ ደም ውስጥ በብዛት ሲገኙ ከየት እንደፈሰሱ ይታወቃል።

ለልብ ጡንቻ ደም የሚያደርሰው ቧንቧ በረጋ ደም ሲዘጋ ጡንቻው ኦክስጅን ያጣል። ሴሎቹ ይሞታሉ፤ ሽፋናቸው ይቀደዳል። ውስጣቸው የነበረው ትሮፖኒን ወደ ደም ይፈሳል። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከፍ ማለቱ ይታያል፤ ከዚያ አንድ ሳምንትና ከዚያ በላይ ከፍ እንዳለ ይቆያል። አጎቴ በ3ኛው ቀን የተገኘበት ለዚህ ነው። ሌሎችም ጠቋሚዎች አሉ። ማዮግሎቢን ቶሎ ይወጣል፤ ግን ከማንኛውም ጡንቻ ስለሚወጣ ጤፍ ሲሸከም የዋለ ሰውም ሊያሳስት ይችላል። ቢኤንፒ ደግሞ ለልብ ድካም ነው። ዛሬ እነሱን እናልፋቸዋለን።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ትሮፖኒን የልብ ጡንቻ መጎዳቱን ይነግረናል፤ ለምን እንደተጎዳ አይነግረንም። የኩላሊት በሽታም፣ የልብ ጡንቻ ብግነትም፣ ሳንባ ውስጥ የረጋ ደምም ከፍ ያደርገዋል። ሐኪሙን የሚተካ ምርመራ የለም።

አሁን ወደ መጠኑ እንምጣ። ጭንቁ ያለው እዚህ ነው። በስፋት በሚሠራበት አንድ የትሮፖኒን ቲ ምርመራ ድንበሩ በሊትር 14 ናኖግራም ነው። ከ100 ጤነኛ ሰዎች 99ኙ ከዚያ በታች ናቸው ማለት ነው። ናኖግራም የግራም ቢሊዮንኛ ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር ለጆሮ ምንም አይልም፤ በሮቶ እናስላው። እያንዳንዳቸው 2 ሺህ ሊትር የሚይዙ 2 ሮቶዎችን ውሃ ሙሉ። አንዲት ቅንጣት የደቀቀ የገበታ ጨው ጣሉና አማስሉ። በግምት ያን ያህል ነው የምንፈልገው።

ያውም ውሃው ንጹሕ ቢሆን። ደም ውስጥ አልቡሚን የሚባለው ፕሮቲን ብቻውን በሊትር 40 ግራም ገደማ አለ። በክብደት ከትሮፖኒኑ ወደ 3 ቢሊዮን እጥፍ ይጠጋል። ምርመራው ያን ሁሉ አልቡሚን አልፎ እሱኑ ብቻ መርጦ መያዝ አለበት።

እስካሁን ይህን የሚሠሩልን፣ ሰውነት ባዕድ ነገርን ለይተው እንዲይዙለት የሚያመርታቸው አንቲቦዲዎች ናቸው። አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ በብዛት የሚመረትበትን ዘዴ ጆርጅ ኮህለርና ሴሳር ሚልስታይን እ.ኤ.አ. በ1975 አሳዩ፤ በ1984 ኖቤል ተሸለሙበት። አንቲቦዲ ድንቅ ነገር ነው። ግን ፕሮቲን ነው። ፕሮቲን ደግሞ እንደ እንቁላል ነው፤ ሙቀት ሲያገኘው ቅርጹ ይቀየራል፣ ወደ ድሮው አይመለስም። ለዚህ ነው የብዙዎቹ ማሽኖች ሪኤጀንት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ የሚቀመጠው። ከፋብሪካው አውሮፕላን፣ ከአውሮፕላኑ አዲስ አበባ መጋዘን፣ ከዚያ 270 ምናምን ኪሎ ሜትር እዚህ ድረስ። መሐል ላይ ቅዝቃዜው ከተቋረጠ በቃ። መብራት ሲሄድ ፍሪጁን እየዳበሳችሁ የምትጨነቁትን አውቃለሁ።

«ካሴቷስ?» የምትሉኝ አላችሁ። ልክ ናችሁ። እንደ እርግዝና መመርመሪያ ያለች ፈጣን የትሮፖኒን ምርመራ አለች። ብዙዎቹ እስከ 30 ዲግሪ ይችላሉ፤ ሕይወትም ያተርፋሉ። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የምትመልሰው «አለ» ወይም «የለም» ብቻ ነው። ጥቂቱን አታይም። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ደግሞ ያለው ጥቂቱ ነው። በጋ ላይ የሀዋሳ እኩለ ቀን ራሱ 30 ዲግሪን ይነካል፤ ቆርቆሮ ሥር ያለ መጋዘንማ ያልፈዋል።

እንግዲህ ወደ ዱካው። ልጅ ሆነን ሐይቁ ዳር ጭቃ ላይ በባዶ እግር እንሮጥ ነበር። በማግስቱ ስንመለስ ዱካችን ደርቆ ይጠብቀናል። የማን እንደሆነ ለማወቅ እግራችንን እየከተትን እንለካለን። በእኔ ዱካ የእኔ እግር ልክ ይገባል። የታላቄ አይገባም፤ ለታናሼ ይሰፋዋል። እግሬ ከሄደ ቆይቷል፤ ልኩ ግን ጭቃው ላይ ቀርቷል።

ሞለኪዩላርሊ ኢምፕሪንትድ ፖሊመር የሚባለው ይኸው ነው። ጭቃው ፕላስቲክ ነው፤ እግሩ ትሮፖኒን። እኔ ለተማሪዎቼ «ዱካ ያዥ ፕላስቲክ» እላቸዋለሁ። ልዩነቱ፣ ጭቃ የእግርን ቅርጽ ብቻ ነው የሚይዘው። ፕላስቲኩ ግን ትሮፖኒኑ ላይ ኔጋቲቭ ቻርጅ ባለበት ፊት ለፊት ፖዘቲቭ ያኖራል። የሃይድሮጅን ትስስር በሚፈጠርበትም ቦታ የሚጨብጥ ነገር ያስቀምጣል። ትሮፖኒን ተመልሶ ሲመጣ ልኩም ይጠብቀዋል፣ የሚይዘው እጅም ይጠብቀዋል።

አሠራሩ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የምወደው ክፍል ነው። የስኳር መለኪያ ስትሪፕ የማያውቅ እዚህ የለም። የእኛም ስትሪፕ እሷን ትመስላለች። ጫፏ ላይ የካርቦን ኤሌክትሮድ አለ። ለልምምድማ የእርሳስ ውስጥ ግራፋይትም ይሆናል፤ ከጽሕፈት መሣሪያ ቤት በጥቂት ብር እንገዛዋለን። ኤሌክትሮዱን ፈሳሽ ውስጥ እንነክራለን። ፈሳሹ ውስጥ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ትሮፖኒን ነው። ሌላው የፕላስቲኩ ጡብ ነው፤ ፒሮል፣ ዶፓሚን ወይም ኦርቶ ፌኒሊንዳያሚን የሚባሉ ትንንሽ ሞለኪውሎች። ከዚያ ቮልቴጁን ቀስ እያልን ከፍ ዝቅ እናደርጋለን። ጡቦቹ ኤሌክትሮዱ ላይ እርስ በርስ እየተያያዙ ስስ ፕላስቲክ ይሆናሉ። አጠገባቸው ያለውን ትሮፖኒን እንዳቀፉት ይጠነክራሉ።

ስስ ስላችሁ በናኖሜትር የሚለካ ነው። ትሮፖኒን ራሱ ጥቂት ናኖሜትር ነው። ፕላስቲኩ ከወፈረ ይቀብረዋል፤ ሲታጠብ አይወጣም። በጣም ከሳሳ ዱካው አይያዝም። ከዚያ በአሴቲክ አሲድና በሳሙና መሰል ኬሚካል፣ አንዳንዴም ፕሮቲን በሚቆራርጥ ኢንዛይም ይታጠባል። ትሮፖኒኑ ይወጣል፤ ቦታው ይቀራል።

ንባቡ ደግሞ እንዲህ ነው። የበሽተኛውን ናሙና ስትሪፗ ላይ አድርገን ጥቂት ደቂቃ እንጠብቃለን። አለቅልቀን ፌሪሲያናይድ የሚባል ቢጫ ፈሳሽ እንጨምራለን። ፌሪሲያናይድ ክፍት ጉድጓድ ሲያገኝ እስከ ኤሌክትሮዱ ዘልቆ ኤሌክትሮን ይቀበላል። ያኔ ከረንት ይታያል። ጉድጓዶቹን ትሮፖኒን ከያዛቸው ግን መግቢያ ያጣል፤ ከረንቱ ይወርዳል። ብዙ ከወረደ ብዙ ትሮፖኒን አለ ማለት ነው። መልሱ በቁጥር ነው።

ለተማሪዎቹ አንድ ነገር አጥብቄ ልንገር። ከእያንዳንዱ ዱካ ያዥ ፕላስቲክ ጎን ዱካ የሌለው መንታ ሥሩ። በዚያው ፈሳሽ፣ በዚያው ቮልቴጅ፣ በዚያው ቀን፤ ትሮፖኒን ብቻ የሌለበት። ሁለቱንም በአንድ ናሙና ፈትኑ። ዱካ የሌለውም እኩል ከወረደ፣ የሠራችሁት ዱካ ሳይሆን ሙጫ ነው፤ የመጣውን ሁሉ ይለጥፋል። ይህን ንጽጽር ያላሳየ ጥናት አላምንም፤ የትም ይታተም።

ይህን የምለው ስለደረሰብን ነው። የተጣራ ትሮፖኒን በማይክሮግራም የሚሸጥ ውድ ነገር ስለሆነ፣ ልምምዱን የጀመርነው ከፈረስ ልብ በሚወጣ ማዮግሎቢን ነው። ለሳምንታት ሠራን። ከረንቱ ደስ በሚል አወራረድ ወረደ። ልጆቹ ተቃቀፉ። ከዚያ ዱካ የሌለውን ሞከርን። እኩል ወረደ። ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የተናገረ ሰው አልነበረም። ጥፋቱ ውፍረቱ ላይ ነበር። ማዮግሎቢኑ ተቀብሮ ስለቀረ ጉድጓድ የሚባል ነገር አልተፈጠረም። የቮልቴጁን ዙር ከ20 ወደ 5 አወረድን። ያኔ ነው መንታዎቹ መለያየት የጀመሩት።

ለትሮፖኒን ውድነት አንድ መላ አለ። ሙሉውን እግር ትቶ የአውራ ጣቱን ዱካ ብቻ መያዝ። ከትሮፖኒን አይ ላይ አጭር ቁራጭ ይመረጣል፤ ቁራጩ በኬሚስትሪ ይሠራል፣ ከሙሉው ፕሮቲን በጣም ይረክሳል፣ እንደ ፕሮቲኑም በቀላሉ አይበላሽም። የትኛው ቁራጭ ነው ጥያቄው። ፕሮቲን የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ነው። የልቡ ትሮፖኒን አይ መጀመሪያ ጫፉ ላይ 30 ገደማ አሚኖ አሲዶች የሚረዝም ጅራት አለው። የሌላ ጡንቻ ትሮፖኒን ይህ ጅራት የለውም። «እሱን እንያዝ!» ያሰኛል። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር ያሰብኩት። ግን ይህ ጅራት ደም ውስጥ ሲገባ ኢንዛይሞች ቶሎ ይከረክሙታል። እጅግ የተሻለ የሚቆየው መሐሉ ነው፤ ከ30ኛው እስከ 110ኛው አሚኖ አሲድ ያለው። ጫፉን ብቻ የሚፈልግ ስትሪፕ፣ ጫፉ የተቆረጠ ትሮፖኒን ፊቱ ተደቅኖ «የለም» ሊል ይችላል። ቁራጭ መምረጥ የኬሚስት ብቻ ሳይሆን የሐኪምም ሥራ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ሐሳቡ አዲስ እንዳይመስላችሁ። ፖልያኮቭ የተባለ የሶቪየት ኬሚስት ሲሊካ ሲደርቅ አብሮት የነበረውን ኬሚካል ለይቶ እንደሚይዝ እ.ኤ.አ. በ1931 ጽፏል። በ1972 ጉንተር ቩልፍ ጀርመን ውስጥ በፕላስቲክ ሠራው። ስዊድን ሉንድ የነበረው የክላውስ ሞስባክ ቡድን በ1993 የአስም መድኃኒቱን ቲዮፊሊንን በሰው ሴረም፣ ማለትም ደም ከረጋ በኋላ በሚለየው ፈሳሽ፣ ውስጥ በዚህ ፕላስቲክ ለካ። ታዲያ ለምን እስከ ዛሬ ቆየ? ቲዮፊሊን ትንሽ ናት። ትሮፖኒን አይ ከእሷ 130 ጊዜ ገደማ ይከብዳል። ትልቅ ነው፣ ይተጣጠፋል፣ ፕላስቲኩ ሲሠራም ቅርጹን ሊያጣ ይችላል። ቅርጹ ተበላሽቶ ከታተመ የምንይዘው የሌላ ነገር ዱካ ነው።

እዚህ ላይ ግልጽ ልሁን። ዛሬ ሆስፒታል ሄዳችሁ ትሮፖኒን ስታሠሩ የሚለካው በአንቲቦዲ ነው። የዱካ ያዥ ፕላስቲክ ጥናቶች እጅግ ትንሽ መጠን እንደሚለኩ ይጽፋሉ። ነገር ግን በምን ውስጥ እንደለኩ አንብቡ። ብዙ ጊዜ ንጹሕ ጨዋማ ውሃ ነው። ወይም ቀጥኖ ትሮፖኒን የተጨመረበት ሴረም ነው። ደረቱን ይዞ ሌሊት የመጣ ሰው ደም ሌላ ነው። አልቡሚኑ እንዳለ ነው። የዋጠው መድኃኒት አለ። ኩላሊቱ ደክሞ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ሰኞ የተሠራችው ስትሪፕና ሐሙስ የተሠራችው እኩል ማንበብ አለባቸው። ይህ ገና ብዙ ይቀረዋል።

ስለዚህ ርካሽ ናት ተብሎ ያልተረጋገጠች ስትሪፕ ጤና ጣቢያ እንድትገባ አልፈልግም። ባለመመርመሩ የተጨነቀ ሰው ሌላ ቦታ ይሄዳል። የሐሰት «የለም» የተሰጠው ሰው ግን ተረጋግቶ ቤቱ ገብቶ ይተኛል።

ታዲያ ለምን እዚህ እንደክማለን? ኤሌክትሮኬሚስትሪ እኛ የምንችለው ሥራ ስለሆነ ነው። የሀገራችን የኬሚስትሪ ተማሪዎች ኤሌክትሮድ በአሉሚና ዱቄት መወልወል ያውቃሉ። በዚሁ ዘዴ ቡና ውስጥ ያለ ካፌይን ለክተዋል። ቮልቴጁን የሚቆጣጠረውና ከረንቱን የሚለካው መሣሪያ ፖቴንሺዮስታት ይባላል፤ ዛሬ በእጅ መዳፍ የሚያዝና ከስልክ ጋር የሚገናኝ አለ። ፕላስቲኩን ለመሥራት እንስሳ መከተብ፣ ሴል ማራባት አያስፈልግም። እንግሊዝ ያለው የሰርጌይ ፒሌትስኪ ቡድን ደግሞ ውዱን ሞለኪውል ጥቃቅን የብርጭቆ ዶቃዎች ላይ አስሮ፣ አንዱን ደጋግሞ የሚያሳትምበትን ዘዴ አሳይቷል። ለእኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለእያንዳንዷ ስትሪፕ አዲስ ትሮፖኒን ከማባከን ያድናል።

ከንግግሩ በኋላ ጥያቄዎች ነበሩ። ሁለቱን ላስቀምጥ።

አንዲት እናት «ልጄ፣ ታዲያ ጨጓራና ልብን እኔ ቤቴ ሆኜ በምን እለያለሁ?» አሉኝ። እማማ፣ ቤት ሆነው አይለዩትም። ሐኪምም ያለ ኢሲጂና ያለ ደም ምርመራ ይቸገራል። የሚያስጨንቅ የደረት ሕመም ላብ ካመጣ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከሄደ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ተልባውን ይተዉትና በዚያው ሰዓት ይውጡ። ሴቶችና ስኳር ያለባቸው ሰዎች ላይ ደግሞ ሕመሙ ግልጽ ላይሆን ይችላል፤ ማቅለሽለሽና ድካም ብቻ ሆኖ ይመጣል። የሚሰማዎት ከጀመረ ስንት ሰዓት እንደሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ። ቶሎ ደርሰው የመጀመሪያው ትሮፖኒን «የለም» ካለ፣ ሁለተኛ ደም መቼ እንደሚወሰድ ይጠይቁ። በመጀመሪያው ሰዓት ገና አልፈሰሰ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛውን የጠየቀኝ የላብራቶሪ ባለሙያ ነው። «ፍሪጅ አይፈልግም ካልክ፣ የእኛ መጋዘን ውስጥ ስንት ወር ይቆያል?» አለኝ። ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ነው። ይህ ዓይነቱ ፕላስቲክ በክፍል ሙቀት ለወራት እንደሚቆይ በሌላ አገር ታይቷል። የእኛ መጋዘን ግን ሌላ አየር፣ ሌላ አቧራ አለው። ስለዚህ ተማሪዎቼ ባለፈው ጥቅምት ማዮግሎቢን የታተመባቸውን የእርሳስ ኤሌክትሮዶች ከዱካ አልባ መንቶቻቸው ጋር በአንድ የጫማ ካርቶን አድርገው፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ መደርደሪያ ላይ አስቀምጠዋል። አጠገቡ ቴርሞሜትር አለ። በየወሩ ጥቂት አውጥተው ይለካሉ። ሳይጨርሱ ቁጥር አልናገርም። የዚህ ወር ልኬት ረቡዕ ጠዋት ነው። ባለሙያው መምጣት እንደሚችል ጠየቀኝ፤ ከ2 ሰዓት ጀምሮ እዚያ ነን አልኩት።